የመብራት ቅባት

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ አጥንቱ የወለቀ ወይ ጅማቱ የዞረበት ሰው ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት የሚያንኳኳው በር አንድ ነው፤ የራሂማ በር። ኳስ ሲራገጥ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ጎረምሳ፣ ሲሚንቶ ሲያወርድ ወገቡን የተያዘ ወዛደር፣ ትከሻዋ የወለቀባት ሴትዮ፣ ሁሉም እያነከሰና እያቃሰተ ይመጣል። ራሂማ ታስቀምጠዋለች። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለማያገባው ነገር ሁሉ ታስለፈልፈዋለች፤ በወሬው ሲመሰጥላት ቀጭ! ታደርገዋለች። ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ቅሏን ታወርድና ጠቆር ያለ ዘይት በመዳፏ ይዛ ታሸዋለች። ያ እያነከሰ የመጣ ሰውዬ እየሳቀ ይሄዳል።

"የራሂማ እጅ መብራት አለው" ይላል ሰፈሩ።

እንግዲህ ይህን ሲሉ እንደው ለሙገሳ እንዳይመስላችሁ። መብራት ሲሉ ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባውን፣ ቆጣሪ የሚቆጥረውን፣ ክረምት ሲገባ እየጠፋ ሰው የሚያማርረውን መብራት ማለታቸው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

ባሏ አብዱልባሲጥ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ያረጁ ትራንስፎርመሮችን ከምሰሶ እያወረደ ኮምቦልቻ ያለ ግቢ ውስጥ የሚሰበስብ የአንድ ተቋራጭ ሠራተኛ ነበር። ልጃቸው ዊዳድ ገና መዳህ ስትጀምር፣ ዝናብ ሲያካፋ በዋለበት ቀን፣ ከቤታቸው ማዶ ጥግ ላይ የነበረው ትራንስፎርመር ሰፈሩን በሚያናውጥ ጩኸት ተቃጠለ። መቼ እንደተተከለ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ ያን ያህል አሮጌ ነው። እነ አብዱልባሲጥ መጥተው አወረዱት። ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤት ሲገባ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሟል።

"ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?" አለችው።

"የትራንስፎርመሩ ዘይት ነዋ! ይሄን ሁሉ ዘመን መብራት ሲጠጣ የኖረ ዘይት ነው፣ የኔ ዓለም። ሰፈር ሙሉ ያንቀሳቀሰ ኃይል የአንድ ሰው ጉልበት ማንቀሳቀስ ያቅተዋል?"

ሳቀችበት። እሱ ግን የሚያመውን የራሱን ጉልበት ቀባና በማግስቱ "ዳገቱን እየዘለልኩ ወጣሁት፣ ወላሂ!" ብሎ ማለላት። ራሂማም አመነችው። ባሏን ያላመነች ማንን ልታምን ነው?

ወጌሻነቱ ለራሂማ ከእናቷ ከኡሙሰልማ የወረደ ነው፤ ቅሉም የኡሙሰልማ ነው። ኡሙሰልማ የሰሊጥ ዘይት፣ ለጋ ቅቤና ጤና አዳም ነበር የምታደርግበት። ከመሞቷ በፊት ለልጇ አንድ ነገር አጥብቃ አስጠንቅቃታለች፤ ቅሉ እንዳይታጠብ፣ ባዶም እንዳይሆን። "የሊጡን እርሾ እንደምታስቀሪው የቅባቱንም እርሾ አስቀሪለት" ብላታለች። "አሮጌው አዲሱን ያስተምረዋል። አጥበሽ ከሞላሽበት በረከቱ ይሄዳል፤ አዲስ ቅባት ባዕድ ነው፣ በሽታ አያውቅም።" ራሂማም የእናቷን ቃል ጠበቀች። የመብራቱን ዘይት በእናቷ እርሾ ላይ ጨመረችበት። ሲጎድል አብዱልባሲጥ ከሌላ ትራንስፎርመር ያመጣላታል፤ እሷም ሁልጊዜ ከሥሩ ጥቂት አስቀርታ ትሞላበታለች። አብዱልባሲጥ ጉበቱ ታሞ፣ ሆዱ አብጦ ከሞተ በኋላም የመጨረሻው ጀሪካን ገና አላለቀም ነበር።

ዊዳድ አንድ ልጇ ናት። ሂሻም የሚባል ጨዋ ልጅ አግብታ ኮምቦልቻ ትኖራለች፤ እሱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራል። ትዳራቸው ማሻ አላህ የሚባል ነው፤ ልጅ ግን አልበረክት አላቸው። የመጀመሪያው ጽንስ ሆዷ ገፋ ማለት ሲጀምር ወረደ። ሁለተኛው ሰው ሆኖ፣ ጣቱ ሁሉ ተለይቶ፣ ወንድ መሆኑ ታውቆ ወረደ። ያን ጊዜ የተቀበለችው ራሂማ ናት። በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ለሂሻም ስትሰጠው ከክንዷ አይበልጥም ነበር። ሂሻም ስም አውጥቶለት ቀበረው። ጎረቤቱ "ሾተላይ ነው" አለ። ሾተላይ ማለት በእኛ አገር ልጅ አላሳድግ የሚል፣ ከእናቲቱ ጋር እየዞረ የሚበላባት ክፉ ነገር ነው። ራሂማም ሾተላይ መሆኑን አመነች። ስለዚህ ዊዳድ ለሦስተኛ ጊዜ ስታረግዝ ከመጀመሪያው ጀምሮ በየሳምንቱ የሐረጎን ተራራ አቋርጣ ደሴ እንድትመጣ አዘዘቻት። እየመጣች ጋደም ትላለች፤ እናቷ ወገቧንና ሆዷን ታሻታለች። ለሌላ ሰው በመዳፍ የምትቆጥበውን ዘይት ለልጇ ሳትሰስት ነበር የምታፈሰው። በፊተኞቹ ሁለቱም ጊዜ እንዲሁ ነበር ያደረገችው።

ዊዳድ ሰባተኛ ወሯ ውስጥ ገብታ፣ ራሂማም ትንፋሿን ይዛ ቀኑን እየጠበቀች ሳለ ነው ያቺ ልጅ በሩን ያንኳኳችው።

ቀጠን ያለች፣ ቦርሳ በጀርባዋ ያነገተች ልጅ ናት። "እንደምን አደሩ፣ እትዬ ራሂማ?" አለች።

"አልሃምዱሊላህ። ግቢ፣ የቱ ጋ ነው ያመመሽ?"

"ኧረ ምንም አላመመኝም።"

"ታዲያ ወጌሻ ቤት ምን ልትሠሪ መጣሽ?" ራሂማ ሳቀች። ልጅቷም ሳቀች።

ጽናት እባላለሁ፣ የሆጤ ሰፈር ልጅ ነኝ፣ የምሠራው ጥናት ነው አለቻት። የምታጠናው የመብራት መስመርን ነው፤ ምሰሶው፣ ሽቦው፣ ትራንስፎርመሩ ከተሠራበት ጀምሮ እስኪጣል ድረስ በምድርና በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት። "የሕይወት ዑደት እንለዋለን" አለች።

"መብራት ደግሞ ሕይወት አለው?"

"እንዴታ! መዳቡ ከምድር ተቆፍሮ ይወጣል፣ ምሰሶው ዛፍ ሆኖ ይቆረጣል። እሱ መወለዱ ነው። ከዚያ ያገለግላል፣ ያረጃል፣ ይሞታል። ሰው ከግድብ የሚመጣ መብራት ጭስ የለውም፣ ንጹሕ ነው ይላል፤ እውነት ነው፣ ጭስ የለውም። እኔን ያስቸገረኝ ግን የሚሞትበት ነው። ትራንስፎርመር ሆዱ ውስጥ ዘይት አለው። ከምሰሶ ሲወርድ ዘይቱ አለ፤ ኮምቦልቻ ግቢው ሲደርስ የለም። የግቢውን የድሮ ዘበኛ ጋሽ ሙሄዲንን ብጠይቃቸው 'አብዱልባሲጥ ቤት ሂጂ' አሉኝ።"

ራሂማ ደስ አላት እንጂ አልደነገጠችም። ባሏን የሚያስታውስ ሰው ማግኘት ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ተነሥታ ቅሉን አወረደችና በኩራት ዘረጋችላት። "ይኸውልሽ። የትም አልጠፋም፤ ሰው እየፈወሰ ነው። ስንቱ አንካሳ በዚህ ቆሟል መሰለሽ!"

ጽናት ቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለችና አሸተተችው። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ከቦርሳዋ ጓንት አውጥታ አጠለቀች። ራሂማን ያን ጊዜ ነው ደንገጥ ያላት፤ የእናቷን ቅል በጓንት የሚነካ ሰው አይታ አታውቅም። ልጅቷ በትንሽ ጠርሙስ ቀዳች፤ ከጀሪካኑም ቀዳች፤ "ውጤቱ እስኪመጣ ባይጠቀሙበት ጥሩ ነው" አለች በለሰለሰ ድምፅ። በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር አለችና ጠየቀች።

"እትዬ ራሂማ፣ ነፍሰ ጡር ሴት አሽተውበት ያውቃሉ?"

"አላውቅም" አለች ራሂማ።

ለምን እንደዋሸች እሷም አታውቀውም። ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ከልጅቷ ጋር ሄደ። እሷ በሩን ይዛ ቆማ ቀረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሌላ ሆነባት። ከሰዓት በኋላ ለአስር ሶላት ውዱእ ልታደርግ ውሃ መዳፏ ላይ ስታፈስ ውሃው ቆዳዋን አልነካ አለ፤ እየተድቦለቦለ ይንከባለላል። ይህን ያህል ዘመን እንደዚህ እንደነበረ አስተውላ አታውቅም። በሳሙና አሸችው፣ በአመድ ፈተገችው። ውሃው አሁንም ይድቦለቦላል። "ያ ረቢ፣ ውሃ ካልነካኝ እስከ ዛሬ የሰገድኩትስ?" አለች ለራሷ። እንዲሁ ሰገደች፤ ሰግዳም ልቧ አላረፈም።

ጥግ ላይ፣ በአሮጌው ቦታ የተተካው ትራንስፎርመር ቀኑን ሙሉ እምምም ይላል። ድሮም ይል ነበር፤ ሰው የለመደውን ድምፅ አይሰማም። አሁን ግን ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብላ ትሰማዋለች፤ ሕፃን የሚያባብል ሰው እሹሩሩ ሳይል አፉን ዘግቶ የሚያንጎራጉረው ዓይነት ነው። ሱቅ ስትሄድ በእሱ በኩል ማለፍ ትታ ጭቃው በበዛበት ጓሮ መዞር ጀመረች። ድምፁ እዚያም ይደርሳታል። አንዳንዴ ከድምፁ ጋር የአብዱልባሲጥ እጅ ይታያታል። የክንዱ ቆዳ ጠቁሮ በብጉር የተሞላ ነበር። "የፀሐይ ነው፣ አብሽሪ" ይላት ነበር። ደግሞ ያ ጨርቅ ውስጥ የተጠቀለለው ልጅ ይታያታል። እሱን ስትቀበለው እጇ በቅባት የራሰ እንደነበር ድንገት ትዝ አላት። ይህን ካስታወሰች በኋላ እንጀራ በእጇ መቁረስ እየቀፈፋት በማንኪያ መብላት ጀመረች።

አርብ ዕለት ዊዳድ መጣች። ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ከሚኒባስ ወርዳ ላቧን እየጠረገች፣ "እማዬ፣ ይሄ ልጅሽ ሲራገጥ ነው የዋለው፤ ነይ ንኪው" እያለች ገባች። ጋደም አለች፤ ቀሚሷን ሰበሰበች። ራሂማ ግን ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

"ዛሬ አላሽሽም፣ ልጄ።"

"ለምን?"

"እጄን አሞኛል።"

"ወይ ጉድ! ወጌሻ እጇን ሲያማት ማን ጋ ትሄዳለች?" ዊዳድ ሳቀች። "በይ እኔው ራሴን አሻለሁ።" እናቷ ሳታስበው ዊዳድ ብድግ ብላ ቅሉን አወረደችና መዳፏ ላይ ልታዘነብል አጋደለችው።

"ተይ!"

ራሂማ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። ዘላ ቅሉን ከልጇ እጅ መነተፈችው።

"ምን ሆነሻል እማዬ?"

"ተበላሽቷል። ሸቷል። ተይው በቃ።"

"የሰፈሩን ወገብ ሁሉ ስታሺበት ውለሽ ለእኔ ነው የሚሸተው?" የዊዳድ ዓይን እንባ ሞላ። እርጉዝ ሴት ሆደ ባሻ ናት፤ በዚያ ላይ ሁለት የቀበረች። "ይሄኛውም አይቀርላትም ብለሽ ተስፋ ቆርጠሻል አይደል? ንገሪኝ። ልትነኪው የፈራሽው ለዚያ ነው።"

"አስተግፊሩላህ! እንደሱ አትበዪ!"

"እና ንኪኝ!"

ራሂማ እጆቿን ከሻርፗ ሥር ደበቀች። ዊዳድ ቀሚሷን አስተካክላ፣ ሳትሰናበት ወጣች። በሩን ሳትዘጋው ነበር የሄደችው። የትራንስፎርመሩ ድምፅ በተከፈተው በር ገባ።

ጽናት የተመለሰችው ከዚያ ሰነባብታ ነው። በዚህኛው ጊዜ በሩ ላይ አልሳቀችም። ተቀመጠች፣ ውሃ ጠየቀች፣ ጠጥታ ስታበቃም ብርጭቆውን በእጇ ታዞረው ጀመር።

"ተናገሪ እንጂ" አለች ራሂማ።

"እትዬ፣ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ዘይት ብዙም ክፉ አይደለም። ለሰውነት አይሆንም፣ ግን የከፋው አይደለም። ቅሉ ውስጥ ያለው ነው የገረመኝ። ፒሲቢ የሚባል ነገር አለበት። በጣም በድሮዎቹ ትራንስፎርመሮች ውስጥ ይጨመር የነበረ መርዝ ነው፤ ጉዳቱ ስለታወቀ ከተከለከለ ስንት ዘመኑ። ባለቤትዎ በኋላ ሲያወርዷቸው የነበሩት ይሄ የለባቸውም። የተሳሳትን መስሎኝ ደግመን መረመርነው፤ ያው ነው። ከየት እንደመጣ ሊገባኝ አልቻለም።" ልጅቷ ወደ ቅሉ አየች። "ይህን ቅል ለመጨረሻ ጊዜ ያጠቡት መቼ ነው?"

"ቅል ይታጠባል እንዴ?" አለች ራሂማ። "እርሾውስ?"

ጽናት እርሾው ምን እንደሆነ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት የራሂማን ፊት አየችና ተወችው። ራሂማ በመስኮቱ ወደ ጥጉ ታያለች። ያ በዝናቡ ቀን የተቃጠለው፣ የተከለውን የሚያስታውስ ሰው የሌለው አሮጌ ትራንስፎርመር፣ ያ ቢጫ ጀሪካን፣ የአብዱልባሲጥ ሳቅ። ከእሱ በኋላ የመጣው ዘይት ሁሉ በእሱ ላይ ነው የተጨመረው። አንድም ቀን አላለቀም፤ እንዳያልቅ ስትጠብቀው የኖረችው ራሷ ናት። አሮጌው አዲሱን ሲያስተምር ኖሯል።

"ዋሽቼሻለሁ" አለች ራሂማ። "ነፍሰ ጡር አሽቼበታለሁ። ልጄን። ሦስቱንም ጊዜ።"

ጽናት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ሁለቱ ወርደዋል። ከዚህ ነው ወይ?"

"እትዬ..."

"ከዚህ ነው ወይ አልኩሽ!"

"በቆዳ ይገባል፤ ሰውነት ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል፤ ከእናት ወደ ጽንስ ያልፋል። ይሄን ያጠኑት ሰዎች ይላሉ። ግን ጽንስ የሚወርድበት ምክንያት ብዙ ነው። ከዚህ ነው ብዬ ልምልልዎት አልችልም።"

"አይደለም ብለሽ ማይልኝ።"

ልጅቷ አቀረቀረች። "እሱንም አልችልም።"

ራሂማ ይህን ያህል ጊዜ የፈራችው "ነው" የሚለውን ቃል ነበር። አሁን ገባት፤ "ነው" ቢሏት ታለቅስ ነበር፣ አልቅሳም ይወጣላት ይሆናል። የሚያለቅሱበት እንኳ ቁርጥ ነገር የለም።

ቅሉን ምን እንዳደርገው ትፈልጊያለሽ ብላ ራሂማ ልጅቷን ጠየቀቻት። ልቅበረው? አይቀበርም፤ ወደ ምንጩ ይወርዳል አለቻት። ላቃጥለው? ጭሱ ከእሱ የባሰ ነው። ቦርከና ወንዝ ልድፋው? "ኧረ በማርያም፣ እትዬ!" አለች ጽናት።

"ታዲያ ይሄ ነገር መቃብር የለውም?"

"እኔም የምፈልገው እሱን ነው። እዚህ አካባቢ እስካሁን አላገኘሁለትም። በርሜል ውስጥ ታሽጎ፣ የሚወስደው እስኪገኝ ይቀመጣል።"

ቅሉን በወፍራም ላስቲክ ጠቀለለችው። ስትነሳ እጅጌዋን ሰብስባ ክርኗን አሳየቻት። "አያስታውሱኝም። ሕፃን ሆኜ እጄ ወልቆ፣ እናቴ በጀርባዋ አዝላ አምጥታኝ እርስዎ ነዎት የመለሱት። ዛሬም ደህና ነው።" እንድታጽናናት ነበር የነገረቻት። ራሂማ ግን ያን ክርን አይታ፣ በዚህች ልጅ ላይም ያንኑ ዘይት ማፍሰሷን ብቻ ነው ያሰበችው።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ ሐረጎን ወረደች። መንገዱን ሁሉ የምሰሶውና የሽቦው መስመር ከባሕር ዛፎቹ መሃል ብቅ ጥልቅ እያለ አብሯት ወረደ። ኮምቦልቻ በሙቀቱ ተቀበላት። ዊዳድን ያገኘቻት የሕፃን ልብስ እያጣጠፈች ነው። ለመጀመሪያው የተገዛ፣ ለሁለተኛው የተቀመጠ ልብስ ነው።

"መጣሽ?" አለች ዊዳድ፤ ኩርፊያዋ ሊለቃት ሲል።

ራሂማ አልተቀመጠችም። ከተቀመጠች እንደማትናገር አውቃለች። የአባቷን ዘይት፣ የአያቷን እርሾ፣ ጽናት ያለችውን ሁሉ ሳታቋርጥ ነገረቻት። "ሾተላይ ነው ሲሉ ሾተላዩን ላባርር ብዬ ነው የቀባሁሽ። ሾተላዩ እኔ ራሴ ነኝ መሰለኝ፣ ልጄ። እኔው ነኝ መሰለኝ። አፉ በይኝ።"

ዊዳድ የያዘችውን ትንሽ ሹራብ አጣጠፈች። ፈታችው። እንደገና አጣጠፈችው።

"ያን አርብ ስትጮኺብኝ ታውቂ ነበር?"

"ጠርጥሬ ነበር።"

"ጠርጥረሽ ነው 'ተበላሽቷል' ያልሽኝ? ያን ቀን ብትነግሪኝ... ልጄን ፈርታ ነው ብዬ መንገዱን ሙሉ ሳለቅስ ነው የወረድኩት።" ድምፅዋ አልጨመረም። "ይሄ ሆዴ ውስጥ ያለውስ?"

"ሐኪም ይየው። ሐኪም ቤት ነው የምትወልጂው። እኔ... እኔ አላውቅም።"

"ሂጂልኝ፣ እማዬ።"

ሂሻም እስከ መናኸሪያው ሸኛት። ልትሳፈር ስትል ብቻ፣ "ወንዱ ልጅ ፊቱ የእርስዎን ይመስል ነበር፣ እማ" አለ። ለምን እንዳለው አልጠየቀችውም።

ራሂማ ከዚያ ወዲህ አላሸችም። ለሚመጣው ሰው ሁሉ እውነቱን ትናገራለች፤ ማንም አያምናትም። ማዶ የምትኖረው የኔነሽ ጉልበቷን ይዛ መጥታ፣ "መርዝ! ኧረ ወዲያ! እኔ በዚያ ቅባት አይደል የቆምኩት? ባክሽ ከሥሩ የቀረች ካለች ጠብ አድርጊልኝ" አለቻት። ራሂማ ለምና፣ ተቆጥታ፣ በመጨረሻም አልቅሳ መለሰቻት። የኔነሽ "ባሏ ከሞተ ወዲህ ልክ አይደለችም" ብላ አወራች። ሰፈሩም የራሂማ መብራት ጠፋ አለ። የሚያሳዝነው፣ ያዘኑት ለቅባቱ ነበር። እሷ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በጉልበቱ፣ በትከሻው፣ በወገቡ ነው የምታየው፤ የቱ ጋ እንደነካችው ታውቃለች። ሰው ሲሞት ለቅሶ መሄድም ፈራች። ምን ገደለው ብላ መጠየቅ አትችልም፣ አለመጠየቅም አትችልም።

ስልኩ የጮኸው አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ሂሻም ነው።

"ተገላግላለች፣ እማ። ሴት ናት። ትንሽ ናት፤ ግን ትጮኻለች፣ ማሻ አላህ። ሐኪሞቹ ሁለቱንም ይከታተሉ እንጂ ለጊዜው ደህና ናቸው ብለዋል።"

ራሂማ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አልሃምዱሊላህ አለች፤ ደጋግማ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። "ትምጣ ብላለች?"

"አላለችም" አለ ሂሻም። "አትምጣም አላለችም።"

ሐኪም ቤቱ ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ዊዳድ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ገርጥቷል። ክንዷ ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ነጩን ጨርቅ ስታይ ራሂማ የበሩን ጉበን ያዘች። ጨርቁ ግን ተንቀሳቀሰ። ትንሽ ቀይ እጅ ወጣችና አየሩን ቧጠጠች።

እናትና ልጅ ተያዩ። ዊዳድ ብዙ የምትለው ያለ ይመስል ነበር፤ ከንፈሯም ተንቀሳቅሷል። የተናገረችው ግን ማንኛዋም አራስ ለጠያቂዋ የምትለውን ነው።

"እጅሽን ታጠቢና ነይ።"

የውሃው ቧንቧ መተላለፊያው ጫፍ ላይ ነው። ራሂማ እየሮጠች ሄደች። በዚህ ዕድሜዋ እየሮጠች ሄደች። ከፈተችው፤ ሳሙናውን አረፋው እስከ ክርኗ እስኪደርስ አሸችው፤ አለቀለቀችው። መዳፏን ገልብጣ አየች። ውሃው እዚያው ላይ ተድቦልቡሎ ቆሟል። አራገፈችውና እንደገና ታጠበች። ክፍሉ ውስጥ ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች፤ ቀጭን፣ የማይቋረጥ፣ ደህና ለቅሶ።

"እማዬ!" የዊዳድ ድምፅ ነው። "የት ቀረሽ? ነይ ያዢልኝ እንጂ!"

"መጣሁ፣ ልጄ፣ መጣሁ" አለች ራሂማ፤ ሳሙናውንም መልሳ አነሳች።